ተከራከር ያልኩት እኔ ነኝ

በአንድ ሰው ላይ የሠራሁትን በደል ጽፌ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ቤቴ ተከራይቶ ይኖር የነበረ የታሪክ መምህር “ክርስቶስ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልኖረም ይላል” ብዬ፣ ሊያገባት ላሰባት ልጅ አባት ተናገርኩ። ቃሉ ከመምህሩ አፍ የወጣ ነው፤ አልጨመርኩበትም። ነገር ግን እንዲህ ብሎ እንዲከራከር ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ዋጥኩት። ልጅቷንም ተከለከለ። በደሌ ይህ ነው። የማንንም ስም አልጠራም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የፊደል ስሕተቴን የልጅ ልጄ አርማልኛለች። ሐሳቡን ግን እንዳትነካ፣ በተለይ እኔን የሚያስጠላውን ቦታ እንዳታለሰልስ አስጠንቅቄያታለሁ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አምቦ ባለው ግቢያችን ውስጥ በተርታ የተሠሩ አምስት ክፍሎችን ማከራየት ጀመርኩ። መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ተማሪዎች ይገቡበታል። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበርና በዚያ ቀን ግቢው በሙሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቃል። ተራ የማስከብረው እኔ ነኝ። ነፍሰ ጡር ካልሆነች በቀር ማንም ማንንም አይቀድምም፤ የቤቱ ባለቤት ነኝ ብዬ የራሴን ጀሪካን ፊት አስቀምጬ አላውቅም። ተከራዮቼ “ዳኛዋ” ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ ሲሉኝም እሰማለሁ። ስሙን እወደው ነበር።

መምህሩ የመጣው ከወሎ ነው። በከተማው ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ዝምተኛ ነው፤ በሩ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። ኦሮምኛ ለመልመድ ይታገል ስለነበር ፀሐይ ስትጠልቅ አግኝቶኝ “አካም ቡልተን” ይለኛል። “እንዴት አደሩ” ማለቱ ነው። “ገና መች ተኛሁና!” እለዋለሁ፤ ያፍርና ይስቃል። የራሱን ጀሪካን ሲሞላ የእኔንም ሞልቶ በሬ ድረስ ያመጣልኛል፤ ተራዬ ሳይደርስ ግን አይሞላልኝም። ጠባዬን ስለሚያውቅ ነው።

ያሰባት ልጅ ከአምቦ ውጭ ሸነን የምትባል ከተማ ልጅ ናት። ያኔ አምቦ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እንደ እኔ። የእሷ ቤተሰብ ጴንጤዎች ናቸው፤ አባቷም በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ነገሩ እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባትየው ግን “የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ክርስቶስን ያምናል ወይ ብቻ ነው የምጠይቀው” ማለቱን ልጅቷ ለመምህሩ፣ መምህሩም በደስታ ለእኔ ነግሮኛል። ይህን የምጽፈው አባትየው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሜ አውቅ እንደነበር እንዲታወቅብኝ ነው።

ክርክሩ የተነሣው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ጥሎ እርስ በርሱ ማውራት ለምዷል። ውሃው ገና አልመጣም። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረችው የልጅ ልጄ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ መምህሩን ጠየቀችው።

“መምህር፣ አንድ የክፍላችን ልጅ ክርስቶስ የተፈጠረ ታሪክ ነው፣ እንዲህ የሚባል ሰው ጭራሽ አልኖረም ብሎ አፋጠጠን። መልስ አጣሁለት። ምን ልበለው?”

ግቢው አንድ ላይ ተነሣባት። አንዱ “ኧረ በጾም!” ሌላው “እንዲህ ካለ ሰው ጋር አትቀመጪ!” ይላል። ገቢዎች ቢሮ የሚሠራው ቀልደኛው ተከራዬ “ያ ልጅ ግብር ላለመክፈል እኔም አልነበርኩም እንዳይል” አለ። ያንን ልጅ ያላወገዘው መምህሩ ብቻ ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ሃያ ሰው የሚጮኽበት፣ ለአንዱ ሰው ግን የሚቆምለት የሌለበት ሸንጎ ያመኛል።

“ዝም በሉ!” አልኩ። “ክርክር ከሆነ እንደ ክርክር ይሁን። ያ ልጅ እዚህ የለም፤ የሚለውን የሚልለት ሰው ያስፈልጋል። መምህር፣ ተነሥ። አንተ ለእሱ ቁም።”

“እማማ፣ ይቅርብኝ” አለ። “ጊዜውም ጾም ነው።”

“ትፈራለህ እንዴ?”

“እርስዎን እፈራለሁ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልለቀቅሁትም። “ተከራከር ያልኩህ እኔ ነኝ። እኔ እያለሁ ማን ምን ይልሃል?” አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ብዬዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስተኛም ስነሣም የምሰማው ይህን ቃሌን ነው።

መምህሩ ተነሣ። “እሺ። ከአሁን ጀምሮ የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ የዚያ ልጅ ጠበቃ ነኝ” አለ። ከዚያም ተማሪዎቹ ፊት እንደሚቆመው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ “ክርስቶስ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልኖረም” ብሎ ጀመረ። ስለ ክርስቶስ የጻፉት እነማን ናቸው? ተከታዮቹ። መቼ ጻፉ? እሱ ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላ። በዘመኑ ከኖሩት ከሌሎች ጸሐፊዎች ውስጥ በዓይኔ አየሁት ያለ አለ? የለም።

“ተከታዮቹ ያዩትን ጻፉ! ከእነሱ የበለጠ ማን ሊያውቅ ነው?” አልኩ።

“እማማ፣ የድንበር ክርክር የነበረብዎት ጊዜ ጎረቤትዎ ወንድሞቹን ለምስክርነት ሲያመጣ ምን ብለው ነበር?”

“ወንድም ለወንድሙ አይመሰክርም አልኩ።”

“ፍርድ ቤቱስ?”

“ተቀበለኝ።”

“ታዲያ የእኔ ደንበኛስ ለክርስቶስም የሚመሰክሩለት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው ቢል?”

የገቢዎቹ ሰው ጭኑን መታ። “ኧኸ! በራሳቸው ሕግ ያዛቸው!”

ደሜ ፈላ። “የአባቴ ስም ያለበት ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው” አልኩት። “ከተማችን ገና ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረ ጊዜ የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ። አያቴ ደግሞ በምንም ላይ አልተጻፈም። አልነበረም ልትለኝ ነው?”

“ለአያትዎ ምስክሩ እርስዎ ነዎት፤ በዚህ አልከራከርም” አለ በትሕትና። “ግን እኮ እርስዎም አያቴ በባሕር ላይ ተራመደ አላሉንም።”

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። የገቢዎቹ ሰው እጁን እያወናጨፈ “ተረቱ! ዳኛዋ ዛሬ ተረቱ!” አለ። ወደ ልጅ ልጄ ዞር ብዬ አየሁ። እሷም አፏን ሸፍና ትስቃለች። ከሁሉ ያ ባሰብኝ።

ጀሪካኔን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፣ ሬዲዮኑንም ከፍ አደረግሁ። መምህሩ ውጭ መናገሩን ቀጥሎ ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን ላለመስማት ብዬ ነው ሬዲዮኑን የከፈትኩት። ያኔ ለጌታ የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የተቆጣሁት ለራሴ ነው። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ሕጌ፣ ሰው ፊት መረታቴን መቀበል ስላቃተኝ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ አባት ከሸነን መጣ። አንድ ሰው ልጅህን ስጠኝ ሲል አባት ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ሰውየው ተከራይ ከሆነ ደግሞ ከማንም በፊት የምትጠየቀው አከራይቱ ናት። ውጭ ሲወጣ ሁሉም ሰው ይለብሳል፤ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። እኔም ከዚህ በፊት ስለ ሁለት ተከራዮች ተጠይቄ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬ አውቃለሁ።

ኮቱ ንጹሕ ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠን ወደ አማርኛ ተሻገርን፤ ሁለታችንም በአንዱ ጀምረን በሌላው እንጨርሳለን። እሱ እናቴ እንደማለት “አዴ” ይለኛል፣ እኔም ጋሼ እንደማለት “ኦቦ” እለዋለሁ።

“ይጠጣል አዴ?”

“ጠጥቶ አይቼው አላውቅም።”

“ጠበኛስ ነው?”

“ዝንብ አይነካም።”

“ሴት?”

“ከእርስዎ ልጅ ሌላ ሴት ልትጠይቀው መጥታ አላየሁም። እሷም ብትሆን ውጭ ቁጭ ብላ ነው የምትሄደው።”

ፊቱ በራ። ኮፍያውን አንሥቶ ሊደፋው ደርሶ ነበር። “እንግዲህ አንድ ቀረኝ” አለ። “ክርስቶስን ያምናል?”

እስከዚህ ድረስ ሚዛኔ ትክክል ነበር። አሁንም “አዎ” ማለት እችል ነበር፤ እሑድ እሑድ ማልዶ ነጠላውን ለብሶ ሲወጣ አየዋለሁና። ነገር ግን ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

“ኦቦ፣ እኔ የሰው ልብ አላውቅም” አልኩ። “የሰማሁትን ግን ልናገር። ክርስቶስ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልኖረም፣ የሚመሰክሩለትም ዘመዶቹ ብቻ ናቸው ሲል ሰምቻለሁ።”

አባትየው ኮፍያውን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። “በጆሮዎ ሰሙ?”

“እዚሁ ግቢ፣ በጆሮዬ።”

“ሌላ የሚነግሩኝ አለ?”

“የለም።”

ተነሣ። የውጭው በር ጋ ደርሶ ተመለሰ። “አዴ፣ በሰው ልጅ ላይ እንዳልፈርድ ነው። የቀረ ነገር የለም?”

“የለም አልኩዎት እኮ ኦቦ!”

ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ የለም አልኩ።

መምህሩ ይህን አላወቀም። ሦስት ባልደረቦቹን ሽማግሌ አድርጎ ሸነን ላከ። ለሱ የምንሰጠው ልጅ የለንም ተብለው በዚያው ቀን ተመለሱ። ምክንያቱን አባትየው ለሽማግሌዎቹ አልነገራቸውም። ሰው ፊት ሊያሳጣው አልፈለገም ይሆናል። መምህሩ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ዋለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀሪካኔን ሞልቶ አመጣልኝ። አስቀምጦ ቆመ።

“እማማ፣ አባቷ እዚህ መጥተው ነበር አሉኝ። ምን ጠየቁዎት?”

“ጠባይህን። ጠባይህ መልካም ነው አልኳቸው።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለኝ።

ይህም ውሸት አልነበረም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ጊዜ አልዋሸሁም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጌዶ ተዛወረ። ክፍሉን ጠርጎ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጥቶኝ፣ ትከሻዬን ስሞ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የልጅ ልጄ ሆዷን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ያከመቻት ያችው ነርስ ነበረች። ስትመለስ ቦርሳዋን እንደያዘች መሐል ቤት ቆመች።

“አኮ” አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። “ለነርሷ አባት ምን አልሻቸው?”

“የሰማሁትን።”

“የሰማሽውን? ግማሹን ነዋ የሰማሽው! በርሽን ዘግተሽ ከገባሽ በኋላ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ላውቅም አልፈልግም።”

“ትሰሚያለሽ! አንቺ አይደለሽም ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ፍርድ የለም የምትይው?” ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር እኔ ላይ ስትጮኽ። “አንቺ ከገባሽ በኋላ ሳቁን አስቆመ። የልጁ ጠበቃነቴ እዚህ ላይ አበቃ፣ አሁን እኔ ራሴ የማምነውን ልንገራችሁ አለ። ሰውየው ኖሯል አለ። ሃይማኖት የሌላቸው የታሪክ ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ በዚህ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ማን ነበረ፣ ምን ሠራ በሚለው ላይ ነው እንጂ ነበረ አልነበረም በሚለው ላይ አይደለም አለን። ክርስቲያኖችን የሚንቅ የሮማ ጸሐፊ በሮማ ገዥ ተፈርዶበት መገደሉን ጽፏል፤ ይህ የዘመድ ምስክርነት ሳይሆን የጠላት ምስክርነት ነው አለ። ደግሞ ሰው ንጉሥ ከልቡ ልፍጠር ካለ፣ በወንበዴዎች መሐል ተሰቅሎ የሚሞት ንጉሥ አይፈጥርም አለ። መጨረሻ ላይ ምን አለ መሰለሽ? ይህን የመጨረሻውን ለእማማ ንገሪያቸው፣ ተቀይመውኛል መሰለኝ አለኝ። ልነግርሽ ስመጣ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነው ብለሽ መለስሽኝ።”

እውነት ነው፤ መልሻታለሁ።

“ደግሞ” አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ “ለልጁ ቁም ያልሽው አንቺ ነሽ አኮ። ይህን ለአባቷ ነግረሻቸዋል?”

ከዚያ ቀን በኋላ ተራ ለማስከበር ስወጣ ድምፄ ይደክም ጀመር። አንድ ሰው ቀድሞ ጀሪካኑን ቢያስገባ አይቼ ዝም የምልበት ቀን መጣ።

ወዲያው ሸነን ሄጄ ማስተካከል ነበረብኝ። አልሄድኩም። መንገዱ ሰላም አይደለም አልኩ። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥም መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን መኪና ከመናኸሪያ ሲወጣ እያየሁ ነው የቀረሁት። ክረምት ነው አልኩ፣ እግሬን አሞኛል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በበደል ላይ በደል ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን በንዴት ብያለሁ ማለት እችላለሁ፤ ይህንን ግን በቀዝቃዛ ልቤ ነው የሠራሁት።

በመጨረሻ ያስነሣኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ጸሎትም ስግደትም አልሰጡኝም። “መጀመሪያ የጎደለውን ቃል ለሰማው ሰው አድርሺ፤ ከዚያ ነይ” አሉኝ።

ሸነን ስደርስ አባትየው ከቤቱ ጀርባ የድንች ዘር ይመርጥ ነበር። አርጅቷል። አወቀኝ፤ በርጩማ አመጣልኝ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ክርክሩን፣ ተከራከር ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ጠበቃ ነኝ ብሎ መጀመሩን፣ መሳቃቸውን፣ በር መዝጋቴን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ድንቹን ከእጁ አላስቀመጠም።

“ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት አዴ።”

“አዎ ኦቦ። ሁለት ጊዜ።”

“በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ እኮ።”

“ተመልሰዋል።”

ተነፈሰ። “እኔም ልጁን ራሱን ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። የአከራይ ቃል አምኜ ሰውየውን ሳላይ ፈረድኩ። የእኔን እኔ ከአምላኬ ጋር እነጋገርበታለሁ። የእርስዎን ግን ለልጄ ራስዎ ይንገሯት። እዚሁ ጤና ጣቢያ ተዛውራ ነው የምትሠራው። አላገባችም።” ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ በእጁ አሳየኝ። አብሮኝ አልመጣም።

የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚ ወንበሩን ሞልተውታል። ነርሷ አየችኝ፣ አወቀችኝ፣ ቀጣዩን ሕፃን ተቀበለች። የመጨረሻዋ እናት እስክትወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ገብቼ ለአባቷ የነገርኩትን ሁሉ ደገምኩላት። እጇን ስትታጠብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ታጥባ ከጨረሰች በኋላም ቶሎ አልዞረችም።

“ልጄ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት። “ነገ ጌዶ እሄዳለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ። አባትሽም ልባቸው ተመልሷል፤ ሽማግሌ እንደገና ይላክ እለዋለሁ።”

ዞረች። አላለቀሰችም። ፎጣውን አጥፋ ሰቀለችው።

“እማማ፣ እሱ አግብቷል” አለችኝ። “ሴት ልጅም ወልዷል። እኔ ያን ጊዜ እውነቱን አውቅ ነበር፤ የሚያምነውን ከእሱ አፍ ሰምቻለሁ። አባቴ እርስዎን ጠየቀ፣ እርስዎም መለሱ። እኔን ግን እሱም እርስዎም አልጠየቃችሁኝም። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። መምህሩ እስከ ዛሬ አባቴ ቃሉን አጥፎ፣ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ነው የከለከለኝ ብሎ ያምናል። በዚያ አዝኖ፣ ሐዘኑም ወጥቶለት፣ ትዳር ይዟል። አሁን ሄደው ቢነግሩት የሚቀልልዎት እርስዎ ነዎት። እሱ ግን በሰላም በሚኖርበት ቤት ተቀምጦ፣ ያመናት አከራዩ አንድ ቃል ብትጨምር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሲያስብ ይኖራል። የእኔን ይቅርታ ከፈለጉ ሰጥቼዎታለሁ። የእሱን ሄደው አይጠይቁ። ይሸከሙት።”